ከሊኑክስ ኔትወርክ ጋር በየትኛው በር ልነጋገር? ስድስት መንገዶች በንጽጽር

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ መሥሪያ ቤት የኔትወርክ መከታተያ ፕሮግራም ጻፍኩ። ፕሮግራሙ በየአምስት ሴኮንዱ ይነቃና የእያንዳንዱን የኔትወርክ ካርድ ሁኔታ ከፋይል አንብቦ ይመዘግባል። ሠራተኞቹ በኢንተርኔት የሚሄደው የቢሮ ስልክ በቀን ደጋግሞ እየተቋረጠባቸው አቤት ሲሉ፣ የእኔ መዝገብ ከጠዋት እስከ ማታ «ይሠራል፣ ይሠራል» እያለ ይቀጥላል። ኋላ ላይ እንደታየው የአንዱ ኬብል ጫፍ ላልቶ ነበር። ለሁለት ሴኮንድ ያህል ይለቅና ይመለሳል፤ ይህ የሚሆነው ደግሞ ፕሮግራሙ በተኛባት ክፍተት ውስጥ ነው። ኬብሉ በአምስት ደቂቃ ተቀየረ። የፕሮግራሙን አካሄድ መቀየር ግን ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ሊኑክስ ከኔትወርኩ ጋር መነጋገሪያ ብዙ በሮች አሉት፤ የትኛው በር ለየትኛው ጉዳይ እንደሚሆን በአንድ ቦታ የሚነግረኝ ጽሑፍ አላገኘሁም። ይህ መመሪያ ያን ጊዜ እኔ እንደነበርኩት ግራ ለተጋባ ሰው የተጻፈ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለመያዝ፦ የካርዶቹን ድራይቨሮች፣ የአይፒ አድራሻዎችን፣ የማዞሪያ ሰንጠረዡን፣ ፋየርዎሉንና የቲሲፒ ግንኙነቶችን በእጁ የያዘው የሥርዓተ ክወናው እምብርት፣ ማለትም ከርነሉ ነው። ተራ ፕሮግራም ወደዚያ ማህደረ ትውስታ እጁን መስደድ አይፈቀድለትም። አንድ ነገር ማወቅ ወይም ማስቀየር ሲፈልግ ከርነሉ ባዘጋጀው በር ማመልከት አለበት። በሮቹ በአንድ ሰው እቅድ በአንድ ጊዜ አልተሠሩም። ከሠላሳ ዓመት በላይ በተለያዩ ሰዎች፣ ለተለያየ ችግር ተከፍተዋል፤ አሮጌዎቹም የቆዩ ፕሮግራሞች እንዳይሰናከሉ ሲባል አልተዘጉም። ግራ መጋባቱ የሚመጣው ከዚህ ነው።

በምን እንመዝናቸው?

የመጀመሪያውና ከሁሉ የሚከብደው መመዘኛ ቀድሞ የሚናገረው ማን እንደሆነ ነው። በአንዳንዱ በር ፕሮግራሙ ሁልጊዜ ጠያቂ ነው፤ ካልጠየቀ ምንም አይነገረውም። ለውጥ መኖሩን ለማወቅ ደጅ መጥናት አለበት። በሌላው በር ግን ከርነሉ ራሱ መልእክተኛ ይልካል። የእኔ ፕሮግራም የወደቀው በዚህ መመዘኛ ነው።

ሁለተኛው፣ ብዙ መረጃ በአንድ ጊዜ ሲፈለግ በሩ ይችላል ወይ የሚለው ነው። ሦስተኛው እድገት ነው፦ ከአምስት ዓመት በኋላ አዲስ ነገር ሲጨመር የዛሬው ፕሮግራም ሳይሰበር ይቀጥላል? አራተኛው ፍጥነት ነው፤ እዚህ ላይ ቅንብር መቀየርንና እያንዳንዱን ፓኬት (በኔትወርክ የሚጓዝ የመረጃ ጥቅል) መንካትን መለየት ያስፈልጋል። አምስተኛው ድካሙ ነው፦ ለመጻፍ ስንት ቀን፣ ለመጠገን ምን ያህል እውቀት፣ ለማስኬድስ ምን ያህል ሥልጣን ይጠይቃል?

በጀት የሚባለውም እዚሁ አምስተኛው ላይ ነው። ስድስቱም በሮች ያለ ክፍያ ይገኛሉ። የሚከፈለው በሰው ጊዜ ነው።

ፋይል፦ የማስታወቂያ ሰሌዳው

ከርነሉ በ/ፕሮክ እና በ/ሲስ ማውጫዎች ሥር ፋይል የሚመስሉ ነገሮችን ያሳያል። ዲስክ ላይ የተቀመጡ አይደሉም፤ ሲነበቡ ከርነሉ በዚያው ቅጽበት ይጽፋቸዋል። ኮምፒውተሩ ፓኬት ከአንድ ካርድ ወደ ሌላ ካርድ እንዲያስተላልፍ ለመፍቀድ /ፕሮክ/ሲስ/ኔት/አይፒቪ4/አይፒ_ፎርዋርድ ውስጥ 1 ቁጥርን መጻፍ ይበቃል። ፕሮግራም መጻፍን ዛሬ የጀመረ ተማሪም ያደርገዋል። ይህን ያህል ቀላል ሌላ በር የለም።

ችግሩ የሚጀምረው ፕሮግራም በዚህ ላይ ሲገነባ ነው። ሰሌዳ በአመዛኙ አይናገርም፤ ሄደው ያነቡታል እንጂ። አጻጻፉም ለሰው ዓይን እንጂ ለማሽን ታስቦ አልተሠራም። /ፕሮክ/ኔት/ቲሲፒን ከፍተው 1.2.3.4 በሚል አድራሻ በ80ኛው ፖርት ላይ ያለ ግንኙነት ቢፈልጉ፣ በተለመደው ኮምፒውተር ላይ የሚያገኙት 04030201:0050 የሚል ጽሑፍ ነው። አድራሻው ከኋላ ወደ ፊት ተገልብጧል፤ ቁጥሩም በ16 መሠረት ተጽፏል። ይህን የሚፈታ ኮድ መጻፍ አይከብድም፤ ነገር ግን በየፕሮግራሙ እንደገና ይጻፋል፣ በየፕሮግራሙም እንደገና ይሳሳታል።

መጠንም አለ። /ሲስ ሥር አንድ ፋይል አንድ ዋጋ ብቻ ይይዛል። አንድ ሺህ ኢንተርፌስ (እውነተኛ ወይም በሶፍትዌር የተፈጠረ የኔትወርክ ካርድ) ባለበት ማሽን ላይ ከእያንዳንዱ ስምንት ቆጣሪ ለማንበብ፣ ለእያንዳንዱ ፋይል መክፈት፣ ማንበብና መዝጋት ስላለ 24,000 የሥርዓት ጥሪ (ፕሮግራም ከርነሉን የሚጠይቅበት ጥሪ) ይወጣል። የመጀመሪያውና የመጨረሻው ቁጥርም የአንድ ቅጽበት ቁጥሮች አይሆኑም።

ሁለት ነገር በተለይ ላስጠንቅቅ። አንደኛ፣ አይፒ_ፎርዋርድን መቀየር ሌሎች የኔትወርክ ቅንብሮችን ወደ ነባሪ ዋጋቸው እንደሚመልስ የከርነሉ ሰነድ ራሱ ጽፎታል፤ ስለዚህ መጀመሪያ እሱን ያብሩ፣ ሌሎቹን ከዚያ በኋላ ያስተካክሉ። ሁለተኛ፣ ኮንቴይነር (ፕሮግራምን በራሱ የተለየ የኔትወርክ ክልል ውስጥ የሚያስኬድ ዘዴ) የሚጠቀሙ ከሆነ /ሲስ የሚያሳየው ማውጫው ሲገጠም የነበረውን የኔትወርክ ክልል ነው፤ /ፕሮክ/ኔት ግን የሚያነበውን ፕሮግራም ክልል ያሳያል። ሁለቱ የተለያየ ዝርዝር ሲሰጡ ያየ ሰው ማሽኑ የተበላሸ ይመስለዋል።

አዮክትል፦ በመስኮት የሚሰጥ ቅጽ

ይህ ከዩኒክስ የተወረሰ አሮጌ በር ነው። ፕሮግራሙ ሶኬት (የኔትወርክ መነጋገሪያ ጫፍ) ይከፍታል፣ አንድ የትእዛዝ ቁጥር ይመርጣል፣ መጠኑ የተወሰነ ቅጽ ሞልቶ ይሰጣል፤ ከርነሉም እዚያው ላይ ጽፎ ይመልሳል። መልሱ ወዲያው ነው፤ ተሰለፍ፣ ቆይ፣ ተመለስ የሚባል ነገር የለበትም። ለአንድ ካርድ አንድ ጥያቄ ለማቅረብ ዛሬም ቀላሉ የሲ ኮድ ይኸው ነው።

ደካማ ጎኑ ቅጹ ራሱ ነው። የኢንተርፌስ ቅጹ ለስም 16 ባይት ይሰጣል፤ መጨረሻው ባዶ ምልክት ስለሆነ ለስሙ የሚተርፈው 15 ነው። ጠቅላላ መጠኑ በ64 ቢት ማሽን 40 ባይት፣ በ32 ቢት ማሽን 32 ባይት ነው፤ ስለዚህ የ32 ቢት ፕሮግራም በ64 ቢት ከርነል ላይ ሲሄድ መሐል ላይ አስተርጓሚ ኮድ ያስፈልጋል። መስክ ልጨምር ቢሉ ቦታ የለም። የካርድ ፍጥነቶችን ለማወቅ የሚያገለግለው የኢትቱል ትእዛዝ ላይ የሆነው ይህ ነው፦ የሚደገፉት ፍጥነቶች በአንድ የ32 ቢት ቁጥር ውስጥ ነበር የሚመዘገቡት። የፍጥነቶቹ ዓይነት ሲበዛ ቢቶቹ አለቁ፤ ሌላ ትእዛዝ፣ ሌላ ቅጽ መፍጠር ግድ ሆነ። ኢትቱል በ2020 በወጣው ከርነል 5.6 ከታች ወደምናየው በር፣ ወደ ኔትሊንክ፣ መሻገር የጀመረበት አንዱ ምክንያት ይህን መሰሉ መጨናነቅ ነው።

አንድ ሙከራ በእጅዎ ይሥሩ። በአንድ ካርድ ላይ «አይፒ» በሚለው ትእዛዝ ሁለተኛ አድራሻ ይጨምሩ፤ ቅጽል ስም አይስጡት። ከዚያ በአሮጌው ትእዛዝ «ኢፍኮንፊግ» ብለው ይመልከቱ። የሚታየው የመጀመሪያው አድራሻ ብቻ ነው። ሁለተኛው አለ፣ ፓኬት ይቀበላል፣ ይመልሳል፤ ኢፍኮንፊግ ግን አያውቀውም፤ ምክንያቱም አድራሻውን የሚጠይቀው በካርዱ ስም፣ በአዮክትል ነው፤ ቅጹ ላይ ደግሞ የአንድ አድራሻ ቦታ ብቻ አለ። አይፒቪ6 አድራሻዎችን ደግሞ ከ/ፕሮክ ፋይል ነው የሚያነበው። በኢፍኮንፊግ ውጤት ላይ ተመሥርቶ የተጻፈ የደኅንነት ፍተሻ ካለዎት ዛሬውኑ ይለውጡት።

የድራይቨር ጸሐፊዎች ለግላቸው እንዲጠቀሙባቸው የተተዉ 16 የትእዛዝ ቁጥሮችም አሉ። አንዱ ቁጥር በአንዱ ድራይቨር ላይ አንድ ትርጉም፣ በሌላው ላይ ሌላ ትርጉም አለው። ማንኛውም አዲስ ሥራ በእነዚህ ላይ እንዲገነባ አልመክርም።

የሶኬት አማራጮች፦ ስለ ራስ ጉዳይ ብቻ

ፕሮግራሙ ስለ ራሱ ግንኙነት ሲጠይቅ ወይም የራሱን ግንኙነት ሲያስተካክል ትክክለኛው በር ይህ ነው። ይህ የቲሲፒ ግንኙነት ምን ያህል ዘገየ፣ ስንት ፓኬት በድጋሚ ላከ፣ የትኛውን የመጨናነቅ መቆጣጠሪያ ስልት ይጠቀም የሚሉት ሁሉ በ«ጌትሶክኦፕት» እና በ«ሴትሶክኦፕት» ያልቃሉ። ለዚህ ሌላ በር መፈለግ ትርፉ ድካም ነው።

ከራስ ጉዳይ አልፎ የማሽኑን ሁሉ ጉዳይ ለማስተዳደር ሲሞከር ግን ምን እንደሚሆን አይፒቴብልስ አሳይቶናል። የቀድሞው አይፒቴብልስ የፋየርዎል ሕጎቹን ለከርነሉ የሚሰጠው በሶኬት አማራጭ ነበር፤ የሚሰጠውም ሰንጠረዡን እንዳለ ነው። አሥር ሺህ ሕግ ባለበት አንዲት ሕግ ለመጨመር አሥር ሺውንም አንብቦ፣ አንዷን ጨምሮ፣ አሥር ሺህ አንዱን መልሶ ያስገባል። ሁለት ፕሮግራሞች በአንድ ጊዜ ቢሞክሩ አንዱ የሌላውን ለውጥ ያጠፋል፤ ይህን ለመከላከል ኋላ ላይ የጋራ ቁልፍ ፋይል ተጨመረ። ኩበርኔቲስ (ኮንቴይነሮችን የሚያስተዳድር ሥርዓት) በሚሠራባቸው ትልልቅ ማሽኖች ላይ የአገልግሎት ለውጥ ሲዘገይ ያየ ሰው የዚህን ዋጋ ያውቃል። ተተኪው ኤንኤፍቴብልስ በጥር 2014 እንደ ፈረንጆች በወጣው ከርነል 3.13 ሲገባ ከርነሉን የሚያነጋግረው በኔትሊንክ ሆነ፤ የተለወጠውን ክፍል ብቻ ይልካል፣ የተላከው ጥቅል ደግሞ ወይ ሙሉ በሙሉ ይጸናል ወይ ሙሉ በሙሉ ይቀራል።

ኔትሊንክ፦ መልእክተኛ የሚልከው በር

እዚህ ላይ ሰፋ አድርጌ እጽፋለሁ፤ ምክንያቱም ለአብዛኛው ሥራ የምመርጠው ይህን ነው።

ኔትሊንክ በሊኑክስ 2.0 ዘመን እንደ መሣሪያ ፋይል ሆኖ ነበር የሚሠራው። በ1999 በወጣው 2.2 ላይ ሶኬት ሆነ፤ በ2003 ደግሞ አርኤፍሲ 3549 በሚል ሰነድ ተገለጸ። እንደ ማንኛውም ሶኬት ይከፈታል፣ ይላክበታል፣ ይነበብበታል። ልዩነቱ በሌላኛው ጫፍ ያለው ከርነሉ መሆኑ ነው። ከርነሉም ሳይጠየቅ መናገር ይችላል፦ ፕሮግራሙ የፈለገው ቡድን አባል ሆኖ ይመዘገባል፣ ለውጥ ሲኖር መልእክት ይደርሰዋል። እስከዚያ ድረስ ተኝቶ ይጠብቃል፤ ፕሮሰሰር አይበላም።

መልእክቱን ቀረብ ብለን እንየው። መጀመሪያ 16 ባይት ራስጌ አለ፦ ርዝመት፣ ዓይነት፣ ምልክቶች፣ ተራ ቁጥርና የላኪ መለያ። ስለ ኢንተርፌስ ከሆነ ሌላ 16 ባይት ይከተላል። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ተከታታይ ባሕርያት ናቸው፤ እያንዳንዱ ባሕርይ ሁለት ባይት ርዝመት፣ ሁለት ባይት ዓይነት፣ ከዚያ ይዘቱን ይይዛል። «ኢት0» የሚባለውን የካርድ ስም እንውሰድ። በላቲን ፊደል አራት ሆሄ ነው፤ ከባዶ ምልክቱ ጋር አምስት ባይት፣ ከአራቱ ራስጌ ጋር ዘጠኝ። የርዝመት መስኩ ላይ የሚጻፈው 9 ነው። ቀጣዩ ባሕርይ ግን የሚጀምረው 12ኛው ላይ ነው፤ ሁሉም ነገር በአራት ብዜት ይደረደራልና። ሦስቱን ባዶ ባይቶች የዘነጋ ጀማሪ ከዚያ በኋላ የሚያነበው ሁሉ ትርጉም የለሽ ይሆንበታል። እኔም አንድ ሙሉ ከሰዓት በኋላ በዚህ ላይ አጥፍቻለሁ።

የዚህ አደራደር ትልቁ ጥቅም እድገት ነው። ከርነሉ ነገ አዲስ ባሕርይ ቢጨምር፣ የዛሬው ፕሮግራም የማያውቀውን ዓይነት ቁጥር ሲያይ ርዝመቱን አንብቦ ይዘለዋል። አዮክትል ላይ የነበረው የቅጽ ማለቅ እዚህ የለም።

ኬብል ሲነቀል የሚመጣው መልእክት ስሙ «አርቲኤም_ኒውሊንክ» ነው፤ «አዲስ ኢንተርፌስ» እንደማለት። ብዙ ሰው እዚህ ይሳሳታል። ኬብል ሲነቀል ኢንተርፌሱ አልጠፋም፣ ሁኔታው ተለወጠ እንጂ፤ «አርቲኤም_ዴልሊንክ» የሚመጣው ኢንተርፌሱ ራሱ ሲወገድ ብቻ ነው። ስለዚህ ፕሮግራምዎ የመልእክቱን ስም ሳይሆን በውስጡ ያለውን የሥራ ሁኔታ ባሕርይ ማየት አለበት።

አሁን ስለ ችግሩ። ኔትሊንክ መልእክቶቹን በተወሰነ ማቆያ ውስጥ ነው የሚያጠራቅመው፤ ማቆያው ሞልቶ ከፈሰሰ መልእክት ይጠፋል። አዲሱን መከታተያ ከተከልኩ በኋላ አንድ ቀን በአካባቢው መብራት ሄዶ ተመለሰ። ሰርቨሩ በባትሪ ቆይቷል፤ የግቢው የኔትወርክ መቀየሪያዎች (ስዊቾች) ግን ሁሉም ጠፍተው አንድ ላይ ተነሡ። በመቶ የሚቆጠሩ የቪላን (አንድን ኔትወርክ በሶፍትዌር የሚከፋፍል) ኢንተርፌሶች በአንድ ትንፋሽ ወደቁ፣ ተነሡ። ፕሮግራሙ እያንዳንዱን ለውጥ ወደ ዳታቤዝ እየጻፈ ስለነበር ማንበቡ ዘገየ፤ ማቆያው ሞላና «ኢኖባፍስ» የሚል ስህተት መጣ። እኔ ያንን ስህተት እንደ ተራ ስህተት መዝግቦ እንዲያልፍ ነበር የጻፍኩት። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ በእጄ ያለው ሥዕል ከእውነቱ ተለየ፤ ሰባት ኢንተርፌሶች እየሠሩ «ወድቀዋል» ተብለው ቀሩ።

ትክክለኛው አሠራር ይህ ነው። በመጀመሪያ ለማሳወቂያው ይመዝገቡ፤ ከዚያ ሙሉ ዝርዝሩን ይጠይቁ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ በሁለቱ መካከል የሆነው ለውጥ ያመልጣል። መልእክቱን የሚያነበው ክፍል ማንበብ ብቻ ይሁን፤ ዳታቤዝ መጻፉን ለሌላ ክፍል ይተው። ማቆያውን ያስፉ። «ኢኖባፍስ» ሲመጣ ደግሞ በእጅ ያለውን ሁሉ እንደ አሮጌ ቆጥረው ሙሉ ዝርዝሩን እንደገና ይጠይቁ። ዝርዝሩ እየተነበበ ሳለ ነገር ከተለወጠ ከርነሉ «መሐል ላይ ተቋርጧል» የሚል ምልክት ያደርግበታል፤ ያን ያየ ፕሮግራም ንባቡን መድገም አለበት። ይህን ምልክት የማያዩ ብዙ ፕሮግራሞች አሉ።

ሌላው የቆየ ቅሬታ የስህተት መልሱ ነበር። ሠላሳ ባሕርይ ያለው መልእክት ልከው የሚመለሰው «ልክ ያልሆነ ግብዓት» የሚል አንድ ቁጥር ብቻ ነበር። ከ4.12 (2017) ጀምሮ ፕሮግራሙ ከጠየቀ የትኛው ባሕርይ እንደተሳሳተና ለምን እንደሆነ በጽሑፍ ይነገረዋል። ይህን አማራጭ ሁልጊዜ ያብሩት።

የኔትሊንክ ቤተሰቦች ቁጥር በ32 የተገደበ ነው። ለዚህ ሲባል በ2.6.15 «ጄኔሪክ ኔትሊንክ» የሚባል ጣሪያ ተሠራ፤ በሥሩ ማንኛውም የከርነል ክፍል በስሙ ተመዝግቦ ቁጥር ይሰጠዋል። ዋየርጋርድ የሚባለው ቪፒኤን ቅንብሩን የሚቀበለው በዚህ ነው። ከ2023 ወዲህ ደግሞ የመልእክቶቹ ዝርዝር ያምል በሚባል የጽሑፍ ቅርጽ በፋይል ተጽፎ ከከርነሉ ኮድ ጋር ይቀመጣል፤ ከዚያ ፋይል የፕሮግራም ኮድ በመሣሪያ ይመነጫል። ባይት በባይት መቁጠር እየቀረ ነው። ዛሬም ቢሆን በፓይተን ፓይሩት2ን፣ በሲ ሊብኤምኤንኤልን የያዘ ሰው ያንን የባከነ ከሰዓት በኋላዬን አይደግመውም።

አንድ የተሳሳተ ተስፋ ላንሣ። «ከአዮክትል ወደ ኔትሊንክ ብቀይር የማሽኑ መጨናነቅ ይቀንሳል» የሚሉ አሉ። የኢንተርፌስ ቅንብር በየትኛውም በር ቢመጣ ለብዙ ዘመን ያለፈው በአንድ ትልቅ የከርነል ቁልፍ ነው፤ ቁልፉን አንዱ ሲይዝ ሌላው ይጠብቃል። በር መቀየር ወረፋውን አያሳጥረውም። በአንድ ጥያቄ ብዙ መጠየቅ ግን ያሳጥረዋል።

ፓኬቱን ራሱ ወደ ፕሮግራም ማምጣት

እስካሁን ያየነው ስለ ኔትወርኩ ማውራት ነበር። ፓኬቱን ራሱ መንካት ሲፈለግ ጥያቄው ይለወጣል። በሴኮንድ 10 ጊጋቢት የሚያስተላልፍ መስመር በትናንሽ ፓኬቶች ሲሞላ በሴኮንድ 14.88 ሚሊዮን ፓኬት ያልፋል፤ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ጊዜ 67 ናኖሴኮንድ ነው። ለያንዳንዱ ፓኬት አንድ የሥርዓት ጥሪ የሚያወጣ ፕሮግራም በዚህ ፍጥነት አይተርፍም።

ቱን የሚባለው መሣሪያ ቀላሉ ነው፦ /ዴቭ/ኔት/ቱን ተከፍቶ በአዮክትል ስም ይሰጠዋል፤ ከዚያ አንድ ንባብ አንድ ፓኬት ነው። ኦፕንቪፒኤን የተገነባው በዚህ ላይ ነው። ለመማርና ለመጠነኛ ቪፒኤን እጅግ ጥሩ ነው። ኤንኤፍኪው ደግሞ ፋየርዎሉ የጠረጠረውን ፓኬት ለፕሮግራም አሳልፎ «ይለፍ ወይስ ይጣል?» ብሎ የሚጠይቅበት መንገድ ነው። ወረፋው ሲጀመር 1024 ፓኬት ይይዛል፤ ሲሞላ የሚመጣው ይጣላል። የሚያዳምጥ ፕሮግራም ከሌለም ፓኬቱ ይጣላል፤ ሕጉ ላይ የማለፍ አማራጩ ካልተጻፈ በስተቀር። አንድ ፕሮግራም ወድቆ ሙሉ ቅርንጫፍ ቢሮ ከኔትወርክ ውጪ እንዳይሆን ይህን አስቀድመው ይወስኑ።

ኤኤፍ-ኤክስዲፒ በ2018 ከወጣው 4.18 ጀምሮ አለ። ፕሮግራሙና ከርነሉ አንድ የጋራ ማህደረ ትውስታ ይይዛሉ፤ በአራት የክብ ወረፋዎች ፓኬት ይቀባበላሉ። ያለ ቅጂ መሥራቱ ግን በካርዱ ድራይቨር ላይ የተመካ ነው፤ ካርድ ሳይገዙ በፊት ይህን ያረጋግጡ።

ኢ-ቢፒኤፍ፦ ፕሮግራሙ ራሱ ይግባ

የመጨረሻው በር አቅጣጫውን ይገለብጠዋል። መረጃውን ወደ ፕሮግራም ከማምጣት ይልቅ ትንሽ ኮድ ወደ ከርነሉ ይላካል፤ አረጋጋጩ ኮዱ ማሽኑን እንደማይጎዳ መርምሮ ያስገባዋል። ሁለቱ ወገኖች የሚገናኙት «ማፕ» በሚባል የጋራ ሰንጠረዥ ነው። ለምሳሌ የሚታገዱ አድራሻዎችን ፕሮግራሙ ማፕ ላይ ይጽፋል፤ ከርነል ውስጥ ያለው ኮድ ፓኬት ሲደርስ ማፑን አይቶ እዚያው ይጥላል። ለእያንዳንዱ ፓኬት መልእክት አይላክም፣ ጥሪ አይወጣም። የሥርዓት ጥሪው በታኅሣሥ ወር 2014 እንደ ፈረንጆች በወጣው 3.18 መጣ፤ ድራይቨሩ ደጃፍ ላይ የሚቆመው ኤክስዲፒ በ4.8፣ ክስተቶችን ወደ ፕሮግራም የሚያመጣው የክብ ማቆያ ደግሞ በ5.8።

ዋጋው በድካም ይከፈላል። የኮዱ ቁልል (ጊዜያዊ የሥራ ማህደረ ትውስታው) ከ512 ባይት አይበልጥም፤ አረጋጋጩ የማይቀበለውን ኮድ የሚመልሰው ረጅምና ለጀማሪ አስቸጋሪ በሆነ ማብራሪያ ነው፤ አንዱ ከርነል ላይ ያለፈው ሌላው ላይ ሊወድቅ ይችላል። ከ5.8 በፊት በአብዛኛው ሙሉ የአስተዳዳሪ ሥልጣን ይጠይቅ ነበር፤ አሁን የተለየ ፈቃድ አለው። አድራሻ ለመስጠት ወይም መንገድ ለመጨመር ደግሞ አይተካም፤ ለዚያ መመለሻው ኔትሊንክ ነው።

| መንገድ | ቀድሞ የሚናገረው | ብዙ መረጃ በአንድ ጊዜ | እድገት | ለፓኬት ፍጥነት | ድካም |
|---|---|---|---|---|---|
| ፋይል | ፕሮግራሙ | ደካማ | መካከለኛ | አይሆንም | ሰዓታት |
| አዮክትል | ፕሮግራሙ | ደካማ | በጣም ደካማ | አይሆንም | አንድ ቀን |
| የሶኬት አማራጭ | ፕሮግራሙ | ለራስ ግንኙነት ብቻ | ደካማ | አይሆንም | ሰዓታት |
| ኔትሊንክ | ሁለቱም | ጠንካራ | ጠንካራ | አይሆንም | በላይብረሪ ቀናት፣ ያለ ላይብረሪ ሳምንታት |
| ቱን እና ኤንኤፍኪው | ከርነሉ | ፓኬት በፓኬት | መካከለኛ | መጠነኛ | ቀናት |
| ኤኤፍ-ኤክስዲፒ እና ኢ-ቢፒኤፍ | ሁለቱም | ጠንካራ | ጠንካራ | ከፍተኛ | ወራት |

የድካሙ ዓምድ የእኔ ግምት ነው፤ ሲ የሚያውቅና ከርነል ያልነካ አንድ ሰው ይዤ ነው የገመትኩት።

ለማን የትኛው?

ሰርቨር የሚያስተዳድሩና አጭር ስክሪፕት የሚጽፉ ከሆነ ቅንብር ለመቀየር ፋይሎቹ ይበቁዎታል። ለማንበብ ግን የሰው ጽሑፍ ከመተንተን «አይፒ» ትእዛዝ በጄሰን (ፕሮግራም በቀላሉ በሚያነበው የጽሑፍ ቅርጽ) እንዲመልስ ይጠይቁት፤ ከኋላው ኔትሊንክ ስላለ ከኢፍኮንፊግ የተሻለ እውነት ይነግርዎታል። ይህ ምንም ወጪ የለውም።

አንድ ፕሮግራመር ብቻ ያለው ትንሽ ድርጅት መከታተያ ወይም የራውተር አስተዳደር ቢሠራ፣ ከመጀመሪያው ቀን ኔትሊንክን በላይብረሪ ይያዝ። «ለጊዜው በፋይል እንጀምር» የሚለው ሐሳብ ርካሽ ይመስላል፤ የእኔን ሦስት ሳምንት ያስወጣኝ ይኸው ሐሳብ ነው።

ፋየርዎል የሚያስተዳድር ሶፍትዌር ለሚጽፍ፦ ኤንኤፍቴብልስን በራሱ ላይብረሪ ይጠቀሙ፣ ጄሰን ይቀበላል። የአይፒቴብልስን ትእዛዝ በሉፕ እየጠሩ ሕግ አያስገቡ።

ቪፒኤን ለመሥራት ያሰበ ተማሪ በቱን ይጀምር፤ በአንድ ቅዳሜና እሑድ ፓኬት ሲያልፍ ያያል። ለደንበኛ የሚሸጥ ከሆነ ግን ምስጠራውን ከርነል ውስጥ ላለው ዋየርጋርድ ትቶ፣ እሱን በጄኔሪክ ኔትሊንክ ማዘዝ ይሻላል። ፓኬቶቹ ወደ ፕሮግራሙ ደርሰው መመለስ ይቀርላቸዋል።

የራሱን የከርነል ሞጁል የሚጽፍ ሰው አዲስ የአዮክትል ቁጥር አይፍጠር፤ ጄኔሪክ ኔትሊንክ ላይ ቤተሰብ ያስመዝግብ፣ ዝርዝሩንም በያምል ይጻፍ።

የጎርፍ ጥቃት የሚመክቱ፣ ወይም በሴኮንድ ሚሊዮን ፓኬት የሚቆጥሩ ትልልቅ ተቋማት ኤክስዲፒና ማፕ ያስፈልጓቸዋል። ከመጀመራቸው በፊት ግን ይህን ኮድ ለዓመታት የሚጠግን ቢያንስ ሁለት ሰው በቋሚነት መኖሩን ያረጋግጡ፤ አንዱ ቢለቅ ሌላው እንዲቀር።

በመጨረሻ በእጃቸው ያለው አሮጌ ራውተር ወይም 2.6 ከርነል የያዘ ትንሽ ሣጥን ለሆነባቸው፦ አዮክትሉና የ/ፕሮክ ፋይሎቹ እዚያ አሉ፣ ይሠራሉ። የማዞሪያና የኢንተርፌስ ኔትሊንክም አለ። የስህተቱን ምክንያት በጽሑፍ የሚነግረው ግን የለም፤ ኢ-ቢፒኤፍም የለም። መጀመሪያ «ዩኔም -አር» ብለው የከርነሉን ስሪት ይመልከቱ፤ ከዚያ ይህን ሰንጠረዥ ይክፈቱ።